«የማን ወገን ናቸው?» ከማለታችን በፊት

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

በአዲስ አበባ ከተማ በአንድ ሰፈር ዕድር በጸሐፊነት ሳገለግል ዓመታት ተቆጥረዋል። ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያስገደደኝ ባለፈው ወር በአንድ ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ የሰማሁት አንድ ጥያቄ ነው። አጠገቤ የተቀመጠ ወጣት ከስልኩ ላይ በአንድ የገጠር ቀበሌ ሰዎች መገደላቸውን የሚገልጽ ዜና ድምፁን ዝቅ አድርጎ አነበበ። በዙሪያው የነበርነው ሁሉ ለአፍታ ዝም አልን። ከዚያም በዕድሜ የገፉ አንድ አባት «የማን ወገን ናቸው?» ሲሉ ጠየቁት፤ ወጣቱም የሚያውቀውን ነገራቸው። እርሳቸውም መልሱን ከሰሙ በኋላ ራሳቸውን ነቀነቁና ወደ ጀመሩት ጨዋታ ተመለሱ። እኔም እንደሌላው ሰው አንድ ቃል ሳልተነፍስ ዝም ብዬ መቀመጤ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

እኚህ አባት ክፉ ሰው አይደሉም። ጎረቤት ሲታመም በሌሊት ተነሥተው መኪና የሚፈልጉ፣ ከለቅሶ የማይቀሩ፣ ጾምና ቅዳሴ የማያስታጉሉ ሰው ናቸው። ያስደነገጠኝም ይኸው ነው፤ ያ ጥያቄ በእንዲህ ያለ ሰው አፍ ውስጥ እንኳ ቤቱን ሠርቶ ተቀምጧል። የሰው ሞት ሲነገረን ለማዘን የሟቹን ማንነት ማጣራት ከጀመርን፣ ሰው በእግዚአብሔር አርአያና ምሳሌ ተፈጠረ የሚለውን ቃል በከንፈራችን ብቻ እንደያዝነው ይገባኛል።

በወንጌል ውስጥ አንድ ሕግ አዋቂ ጌታችንን «ባልንጀራዬስ ማን ነው?» ብሎ ጠይቆት ነበር። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 10 ላይ የተጻፈውን መልስ ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ ስንሰማው ስለኖርን ዝርዝሩን ልብ ብለን አናይም። ከኢየሩሳሌም ወደ ኢያሪኮ ሲወርድ በወንበዴዎች እጅ የወደቀው ሰው ወገኑ አልተጠቀሰም፤ «አንድ ሰው» ብቻ ነው የተባለው። ወንበዴዎቹ ልብሱን ገፈውት፣ ደብድበውትም በሕይወትና በሞት መካከል ጥለውት ስለ ሄዱ፣ በአለባበሱም ሆነ በንግግሩ ከወዴት እንደሆነ ለማወቅ መንገድ አልነበረም። ለመንገደኛው ሁሉ የታየው የቆሰለ ገላ ነው። ካህኑና ሌዋዊው አይተውት አለፉ፤ አይሁድ የማይተባበሩት ሳምራዊ ግን ቁስሉን በዘይትና በወይን አጥቦ፣ በራሱ አህያ ላይ አስቀምጦ፣ ለእንግዳ ማረፊያው ባለቤት ሁለት ዲናር ከፈለለት። በመጨረሻም ጌታችን ጥያቄውን ገልብጦ ከሦስቱ ለወደቀው ሰው ባልንጀራ የሆነው ማንኛው እንደሆነ ሲጠይቀው፣ ሕግ አዋቂው «ምሕረት ያደረገለት» አለ እንጂ ሳምራዊ የሚለውን ስም ከአፉ አላወጣም። ይህን ባነበብሁ ቁጥር የእኛው አንደበት መታሰር ትዝ ይለኛል።

አንድ ምዕራፍ ቀደም ብሎ ደግሞ ያዕቆብና ዮሐንስ አንድ የሳምራውያን መንደር ስላልተቀበላቸው እሳት ከሰማይ ወርዶ መንደሩን እንዲያጠፋው ፈቃድ ሲጠይቁ እናያለን፤ ጌታችንም ዘወር ብሎ ገሠጻቸው። ይኸው ዮሐንስ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ላይ ከጴጥሮስ ጋር ወደ ሰማርያ ወርዶ ስለ ሳምራውያን ሲጸልይና እጁን ሲጭንባቸው ይገኛል። እሳት የለመነላቸው ሕዝብ መንፈስ ቅዱስን ሲቀበሉ በዐይኑ አየ። ስለዚህ የሰው ልብ ከዚህ በሽታ አይድንም የሚሉኝን ሰዎች አልቀበልም።

ሩቅ ሳንሄድ በየሳምንቱ የምናስቀድስበትን ቅዳሴ እንመልከት። ዲያቆኑ «ተአምኁ በበይናቲክሙ» ብሎ እርስ በርሳችን ሰላምታ እንድንለዋወጥ ሲያዝዘን፣ ግራና ቀኛችን ላለው ሰው ሁሉ እጅ እንነሣለን። ያን ሰው ስሙን እንኳ አናውቀውም፤ ወገኑን የሚጠይቅም የለም። የዕድራችንም መዝገብ ቢታይ የአባሉ ስም፣ የቤት ቁጥር፣ የቤተሰብ ብዛትና ወርኃዊ መዋጮ እንጂ ለብሔር የተሰመረ ዓምድ የለውም። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በአንድ ድንኳን ሥር ሐዘንተኛ ያጽናናል። በደጃፋችን ይህን እየኖርነው ስለ ሩቁ ሟች ስንሰማ ሌላ ሰው የምንሆነው ለምንድን ነው?

ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ የሆነውን አንባቢዎች አይረሱትም። በመጀመሪያው የመሬት ናዳ የተቀበሩትን ለማውጣት የአካባቢው ሰው በአካፋና በባዶ እጁ ጭቃውን ሲዝቅ፣ ናዳው ድጋሚ ወርዶ አዳኞቹንም ቀበራቸው። ከ200 በላይ ሰዎች ሲሞቱ፣ ብዙዎቹ ሌላውን ሊያድኑ የሮጡት ነበሩ። «ነፍሱን ስለ ወዳጆቹ ከመስጠት ይልቅ ከዚህ የሚበልጥ ፍቅር ለማንም የለውም» የሚለውን ቃል ከዚያ ቀን ወዲህ ሳነብ እነዚያ ጭቃ የያዙ እጆች ይታዩኛል። እነዚያ ሰዎች ከጭቃው ሥር ያለው ማን እንደሆነ እስኪጣራ ቢቆዩ ኖሮ በሕይወት ይተርፉ ነበር።

በስልካችን ላይ የምንጽፈውም ከዚህ ጉዳይ የተለየ አይደለም። የያዕቆብ መልእክት ጸሐፊ በአንድ አንደበት እግዚአብሔርን እየባረክን በእርሱ ምሳሌ የተፈጠሩትን ሰዎች እንደምንረግም ጽፎ፣ ይህ እንዲህ ሊሆን አይገባም ይላል። ጌታችንም በተራራው ስብከት «አትግደል» የሚለውን ትእዛዝ ሲያስተምር፣ ወንድሙን በስድብ የሚያዋርደውን ሰው ከፍርድ በታች አድርጎታል። ጠዋት ጥቅስ፣ ማታ ደግሞ አንድን ሕዝብ በጅምላ የሚያዋርድ ቃል የሚለጥፉ ወገኖቼን የምለምናቸው ይህን ክፍል እንዲያነቡልኝ ነው። ተበድያለሁ የሚል ሰው እውነቱን ይናገር፣ ፍትሕም ይጠይቅ፤ የበደለውን ሰው ልጅና ሽማግሌ ግን በቃሉ አያርድ።

ከጋዜጣችሁም አንድ ነገር እለምናለሁ። ስለ ሞት ስትዘግቡ ሁኔታው በፈቀደ መጠን ሟቹ ገበሬ ይሁን መምህርት፣ ስንት ልጅ ይሁን የተወው፣ ሬሳውን ማን እንዳነሣው ጻፉልን። ቁጥር ብቻ ሲሆን አንባቢው ቶሎ ወደዚያ ጥያቄ ይሮጣል። ካህናትና ሰባክያንም በለቅሶ ድንኳን ሲያስተምሩ፣ ለዚያ ቤት ሟች ብቻ ሳይሆን በዚያ ሰሞን ዜናቸው ለደረሰን ሟቾች ሁሉ ስም ባናውቅም እንድንጸልይ ቢያሳስቡን መልካም ነው። እኔም በዕድራችን በሚቀጥለው ወርኃዊ ስብሰባ ይህንኑ ሐሳብ አቀርባለሁ፤ እኚያንም አባት አስቀድሜ ቤታቸው ሄጄ አነጋግራቸዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር
የአንድ ሰፈር ዕድር ጸሐፊ፣ ከአዲስ አበባ