የጀልባው መጠን፦ ደብዳቤ ጅቡቲ ላለችው ልጄ

ድሬዳዋ፣ ከዚራ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

አንቺ፣ ባለቤትሽና ልጆቹ እንደምን ሰነበታችሁ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። እናትሽ ብቻ «ባሕሩን ከዳር ሆኖ ማየት አነሳቸው እንዴ?» እያለች ታጉረመርማለች።

የላክሽልኝን የሁለቱን ጀልባዎች ፎቶግራፍና ዝርዝር ደጋግሜ ተመለከትኩት። አንቺ 6.5 ሜትር የሆነችውን ስትመርጪ ባለቤትሽ ደግሞ 10.5 ሜትር የሚረዝመውን ይፈልጋል። እስከ 1982 ዓ.ም. ምጽዋ በባሕር ኃይል የሞተር መካኒክ ሆኜ ስለ ሠራሁ ምክሬን ጠይቃችኋልና፣ ሁለቱም አይሆኑም ብዬ ልጀምር። ከ7.5 እስከ 8 ሜትር የሚደርስ፣ መኝታ ያለው የሞተር ጀልባ ፈልጉ።

ባለቤትሽ የ4 ሜትር ልዩነት ቀላል መስሎት ይሆናል። ነገር ግን ጀልባ ሲረዝም ጎኑም ጥልቀቱም አብሮ ስለሚያድግ፣ ትልቁ የትንሿን አራት እጥፍ ያህል ይዘት ይኖረዋል፤ የሞተሩ ጉልበት፣ የመልሕቁ ክብደት፣ የታችኛው ቀለምና የጥገናው ወጪ ሁሉ የሚከተሉት ይህንን እንጂ በሜትር የሚለካውን ርዝመት አይደለም። ከገንዘቡ ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን የእጃችሁ ነገር ነው። ወደ ማቆሚያው ስትጠጉ ነፋስ ከጎን ቢመጣ፣ ከፍ ያለው የትልቁ ጀልባ ግድግዳ እንደ ሸራ ይገፋል፤ መሪውን የሚይዘው ባለቤትሽ ነው፣ ገመዱን የምትወረውሪው አንቺ ነሽ፣ ከሁለታችሁ ሌላ የሚያግዝ ሰው የለም። ምጽዋ ሳለሁ አንድ ባልደረባዬ ከባድ ጀልባ በእጁ ለመግፋት ሞክሮ ሁለት ጣቶቹ በጀልባውና በወደቡ ግንብ መካከል ሲጨፈለቁ ዓይኔ እያየ ነው። ስለዚህ ሁለታችሁ ብቻችሁን ልታዙት የማትችሉት ጀልባ ለእናንተ ትልቅ ነው።

የአንቺዋ ትንሽ ጀልባ ደግሞ ለሙሻ ደሴት ደርሶ መልስ ትበቃለች፤ ከከተማው 15 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ስለሆነ ጠዋት ሄዳችሁ ነፋስ ሳይነሣ ትመለሳላችሁ። ታጁራ ከተማ ግን በቀጥታ 20 ኖቲካል ማይል (የባሕር ማይል፣ አንዱ 1.85 ኪሎ ሜትር ያህል) ገደማ ነው፣ ኦቦክም ከዚያ ይርቃል። ከሰዓት በኋላ አጭርና ጥድፍ ጥድፍ የሚል ማዕበል ሲነሣ፣ ያቺ ትንሽ ጀልባ በእያንዳንዱ ሞገድ ላይ እየዘለለች ስትወድቅ የልጆቹ ጀርባ ይጎዳል፣ እናንተም ፍጥነት ቀንሳችሁ ጨለማ ይይዛችኋል። ታችዋ እንደ «ቪ» ፊደል ጠለቅ ያለ ጀልባ ሞገዱን እየሰነጠቀ ስለሚሄድ ይሻላል፤ ነዳጅ ግን የበለጠ እንደሚወስድ አትርሺ።

ነዳጁን እንዲህ አስቢው። እኔ ፈልጉ ያልኳችሁን የሚያህል ጀልባ ሲፈጥን በአንድ ኖቲካል ማይል 2.5 ሊትር ያህል ቢወስድ፣ ታጁራ ደርሶ ለመመለስ 100 ሊትር ያስፈልጋል። የቆየው ልማድ አንድ ሦስተኛ ለመሄጃ፣ አንድ ሦስተኛ ለመመለሻ፣ አንድ ሦስተኛ ለክፉ ቀን ነውና 150 ሊትር ይዛችሁ ካልወጣችሁ አትውጡ።

ባለቤትሽ ትልቁን የወደደው ለመኝታ ክፍሎቹ መሆኑን ጽፈሻል። እስቲ አስታውሺ፣ እኛ ድሬ ሙቀቱ ሲበረታ አልጋችንን ወደ ግቢ እያወጣን አልነበረም እንዴ የምንተኛው? ጅቡቲ ከዚህ ይብሳል። የተዘጋ ካቢን ሌሊቱን ምድጃ ነው፤ እሱን ለማቀዝቀዝ ኤር ኮንዲሽነር፣ ለኤር ኮንዲሽነሩ ጀነሬተር፣ ለጀነሬተሩ ደግሞ የባሰ ትልቅ ጀልባ ሊያስፈልግ ነው። እናንተ የምትተኙት ውጭ፣ በኋለኛው ሰፊ ቦታ ላይ፣ ከጥላ ሸራ ሥር ነው። ካቢኑ ልጆቹን ከፀሐይና ከውኃ ርጭት ካስጠለለ፣ መጸዳጃና አየር የሚገባበት የጣሪያ መስኮት ካለው ይበቃል።

ከአውሮፓ የመጣ ጀልባ ከሆነ መሪው አጠገብ አንዲት ትንሽ ሰሌዳ አለች። «ሲ» የሚል ፊደል ካለባት ቦፎርት በሚባለው የነፋስ ኃይል መለኪያ እስከ 6 የሚደርስ ነፋስና እስከ 2 ሜትር ማዕበል እንዲችል ተደርጎ ተሠርቷል ማለት ነው፤ «ቢ» ከሆነ 8 እና 4 ሜትር። ለእናንተ «ሲ» በቂ ነው፣ ምክንያቱም 2 ሜትር ማዕበል ባለበት ቀን ከቤታችሁ መውጣት የለባችሁም። በሰሌዳዋ ላይ ያለው የሰው ቁጥር ጀልባው የሚሸከመውን እንጂ የሚያስተኛውን አይናገርም፤ ሻጮች ሁለቱን ማደባለቅ ይወዳሉ። የጎን ስፋቱ ከ2.55 ሜትር ካልበለጠ ደግሞ በተጎታች ጭናችሁ፣ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ካምሲን የሚባለው ሞቃት ነፋስ በሚነፍስበት ወቅት ከባሕር አውጥታችሁ ታቆሙታላችሁ።

ሞተሩ በቤንዚን የሚሠራና ከውስጥ የተገጠመ ከሆነ፣ ክፍሉን በማራገቢያው 4 ደቂቃ ያህል ሳታናፍሱ እንዳታስነሡት አደራ።

ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ልጆቹን፣ የመጠጥ ውኃውንና ጓዛችሁን ሁሉ ጭናችሁ፣ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሣ ሞክሩት። ሻጩ ጠዋት ይሁን ካለ እሺ አትበሉት። ስትጽፊልኝ ሞተሩ ስንት ሰዓት እንደሠራ የሚያሳየውን የቆጣሪ ቁጥርና የጭስ ማውጫውን ፎቶግራፍ አብረሽ ላኪልኝ።

አባትሽ