የባሌስትራው ፍንጣሪ

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

እንዴት ሰነበቱ አባባ? ጉንፋኑ ለቀቀዎ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ናሆም የፊት ጥርሱ ወለቀ። ጣሪያ ላይ ካልወረወርኩ ብሎ አለቀሰ፤ የምንኖረው ደግሞ አምስት ፎቅ ያለው ሕንፃ ውስጥ ነው።

ባለፈው በስልክ ስለ ሥራዬ ሲጠይቁኝ «ብረት እመረምራለሁ» ብዬ አለፍኩት። አሁን በደንብ ልንገርዎ። ሚሚ ቀስ ብላ ታንብብልዎ።

ለፋብሪካ የሚመጣ ብረት ውስጡ ምን ምን እንዳለ እንለካለን። ሌዘር ለሰከንድ ቢሊዮንኛ ያህል ጊዜ ይመታዋል። የተመታችው ነጥብ ከመርፌ ጫፍ አትበልጥም። እዚያ ያለው ብረት ተኖ ከ10,000 ዲግሪ በላይ ይግላል፤ ፍንጣሪ ይሆናል። ፍንጣሪው ሲበርድ እያንዳንዱ ንጥረ ነገር የራሱን ብርሃን ይሰጣል። መሣሪያው ብርሃኑን እንደ ቀስተ ደመና በትኖ ክሮሚየሙንም ማንጋኒዙንም ይለያል። የሚያስቸግረው ካርቦን ነው። ብርሃኑን አየር ይውጥብናል። ስለዚህ አርጎን የሚባል ጋዝ እንነፋበታለን፤ ያው የብየዳው አርጎን። ከዚያ በፊት ግን ዝገቱን በግራይንደር እንገፈዋለን። በ2004 ዓ.ም. ማርስ ላይ ያረፈችው ተሽከርካሪም እስከ 7 ሜትር የሚርቅ ድንጋይ የምትመረምረው በዚሁ ዘዴ ነው።

እኔ ግን ይህን መጀመሪያ ያየሁት ቅዳሜ ገበያ፣ እርስዎ ቤት ነው። ብረቱን ግራይንደር ላይ ነካ ያደርጉታል። ለስላሳ ብረት ከሆነ ፍንጣሪው ረጅምና ቀጥ ያለ ነው። ጠንካራው የመኪና ባሌስትራ ከሆነ ጫፉ ላይ እንደ ኮከብ ይፈነዳል፤ ካርቦኑ ነዋ። ማንም ሳያስተምረኝ እያየሁ ለየሁት።

የዚያ የደምቢያ ገበሬ ማረሻ ትዝ ይልዎታል? 12 ዓመቴ ነበር። ፍንጣሪው አልፈነዳም። «አባባ፣ ይሄ ባሌስትራ አይደለም» አልኩ። በሰው ፊት «ሂጂ፣ እናትሽን አግዢ» አሉኝ። ማረሻው በሁለተኛው ሳምንት ተቆልምሞ መጣ። ለገበሬው ሌላ ሠርተው በነጻ ሰጡት። ለእኔ ግን አንዲት ቃል አልተናገሩኝም። ግራይንደሩንም ለወንድሜ ሰጡት፤ ብረት እንደማይወድ እያወቁ። እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ይህን ሳስብ ጉሮሮዬን ይይዘኝ ነበር።

ሚሚ ስለ ዓይንዎ ስትነግረኝ ግን ሌላ ነገር ታወሰኝ። በዚያ ሳምንት ዓይንዎን ብየዳ መትቶዎት፣ እማዬ ማታ ማታ ድንች እየቆረጠች ትሸፍንልዎ ነበር። አባባ፣ ያን ቀን ፍንጣሪው ታይቶዎት ነበር?

እኛ ዘንድ ያለ መነጽር ማንም ክፍሉ አይገባም። ሌዘሩ ለዓይን አይታይም፤ ግን ያሳውራል። መነጽሬን ባጠለቅሁ ቁጥር ከገበያ የገዙት ያ ጥቁር መነጽር ይታየኛል።

ሐኪሙ ሞራ ነው ብሏል። ሞራ በቀዶ ጥገና ይነሣል። «እስከ ጥምቀት ልይ» ማለት ይቅር። ደግሞ ጎረቤት እንደ ነገረኝ፣ ሲመሽ አሁንም ብቻዎን ወደ ቀሃ ወንዝ ይወርዳሉ። እባክዎ ይተዉት። ወድቀው ቢያድሩ ማን ያያል? እኔ ከዚህ ሆኜ ምን አደርጋለሁ?

ገንዘቡን በሚሚ ስም ልኬያለሁ። ለዓይንዎ ነው አባባ፤ ለግራይንደር ድንጋይ አይደለም። ሐሙስ ማታ እደውላለሁ። ያን የማረሻውን ነገር፣ ሚሚ ወጣ ስትል ይንገሩኝ።

ልጅዎ