ጉዳዩ፦ አማርኛ በትክክል የማይጻፍበት ኤዲተር እንዲቀየርልን ስለመጠየቅ

ለድረ ገጻችን ሠሪ ድርጅት
አዲስ አበባ

ጤና ይስጥልን።

የመጽሔታችንን ድረ ገጽ ካስረከባችሁን ሦስት ወር አለፈ። ገጹ ያምራል፤ ስልክ ላይም ቶሎ ይከፈታል። ይህን አንክድም። ቅሬታችን ጽሑፍ በምናስገባበት ኤዲተር ላይ ነው። ከጠዋት እስከ ማታ ከሱ ጋር የምንውለው ደግሞ እኛ ነን፤ አምስት ጋዜጠኞችና እኔ።

ድረ ገጻችን የተሠራበት ዎርድፕሬስ የራሱ ኤዲተር አለው። እ.ኤ.አ. ከ2018 መጨረሻ ጀምሮ በብሎክ (ጽሑፉን በክፍል በክፍል እየለየ) የሚሠራው ጉተንበርግ አብሮት ይመጣል። እሱን ያልለመደ የድሮውን ክላሲክ ኤዲተር በፕለጊን (በተጨማሪ ፕሮግራም) መጫን ይችላል። እናንተ ሁለቱንም ትታችሁ ሌላ ጫናችሁልን። ለምን ስንላችሁ «ዎርድን ስለሚመስል ይቀላችኋል» አላችሁን። ያኔ ሠርታችሁ ያሳያችሁን ግን በእንግሊዝኛ ነበር። እኛም አምነን ፈረምን።

ችግሩ የታየን በመጀመሪያው ቀን ነው። አብዛኞቻችን የምንጽፈው በድምፅ በሚሠራ የአማርኛ ኪቦርድ ነው። «ሰ» ለመጻፍ መጀመሪያ ሳድሱ «ስ» ይመጣል። አናባቢውን ስንነካ «ስ» ይጠፋና «ሰ» ይተካል። ኤዲተራችሁ ግን መጥፋት ያለበትን ፊደል አያጠፋም። «ሰላም» ብለን የጻፍነው «ስሰልላም» ሆኖ ቁጭ ይላል። ባለፈው ዓርብ አንዲት ባልደረባችን አንድ ቃለ መጠይቅ ፊደል በፊደል ስታርም አመሸች። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ገና ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ነበረች።

ደውለን ስንነግራችሁ «ኪቦርዳችሁን ቀይሩ» ተባልን። ይህ መልስ በጣም አሳዝኖናል። ያው ኪቦርድ ዎርድ ላይ ይሠራል፣ ቴሌግራም ላይ ይሠራል፣ ኢሜይል ላይም ይሠራል።

ሲብስብን ዎርድ ላይ ጽፈን ፔስት ማድረግ ጀመርን። እሱም የራሱን ጣጣ ይዞ መጣ። የዎርዱ ፎንትና መጠን አብሮ ስለሚገባ አንዱ አንቀጽ በኒያላ፣ ቀጣዩ በሌላ ፎንት ይወጣል።

ከሁሉም በላይ ያንገበገበን ግን የፍለጋው ነገር ነው። አንድ የቆዩ አንባቢያችን ደውለው «ስለ ቡና የጻፋችሁትን ሁሉ አጠፋችሁት እንዴ?» አሉን። እኛም «ቡና» ብለን ፈለግን። የመጡት ርዕሳቸው ላይ «ቡና» የሚል ያለባቸው ሁለት ጽሑፎች ብቻ ናቸው። ሌሎቹ የሉም። አንድ ነገሩን የሚያውቅ ወዳጃችን ጽሑፎቹ የሚቀመጡበትን ዳታቤዝ ከፍቶ አሳየን። ኤዲተሩ ፊደሎቻችንን በፊደልነታቸው አያስቀምጣቸውም፤ ወደ ቁጥር ይቀይራቸዋል። «ቡና» የተቀመጠው «ቡና» ተብሎ ነው። አንባቢው ገጹን ሲከፍት ብራውዘሩ ቁጥሩን መልሶ ፊደል ስለሚያደርገው እኛም ሳናውቀው ቆየን። ፍለጋው ግን «ቡና» የሚለውን ቃል ጽሑፉ ውስጥ አያገኘውም። በ6 ባይት ይቀመጥ የነበረ ቃልም 14 ባይት ይይዛል። ፊደላችን እኮ እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ ኮምፒውተሮች የዓለምን ፊደላት በሚለዩበት የጋራ ሥርዓት፣ በዩኒኮድ ውስጥ አለ። ወዳጃችን እንዳለን ይህ ሴቲንግ ላይ የሚስተካከል ነገር ነው። ሦስት ወር ሙሉ ማንም አላየውም። የለፋንባቸው ጽሑፎች እዚያው ተቀምጠው አንባቢ አላገኛቸውም።

ስለዚህ የምንጠይቃችሁ ይህን ነው። ኤዲተሩ ይነሳልንና ክላሲኩ ይጫንልን። በሙከራ ገጽ ላይ በራሳችን ኪቦርድ ሞክረነዋል፤ «ሰላም» ብለን ስንጽፍ «ሰላም» አለ። እስካሁን የገቡት ጽሑፎች ሁሉ ከቁጥር ወደ ፊደል ይመለሱልን። ይህን ስትሠሩ መጀመሪያ ባክአፕ ያዙ፤ አደራ። ከዎርድ የገባው ፎንትም ይጽዳ። ከዚያ በኋላ ለአንድ ሳምንት እኛው በአማርኛ እየጻፍን እንፈትሸዋለን።

ሥራው በ15 የሥራ ቀናት ውስጥ እንዲያልቅልን እንጠይቃለን። እስከዚያ ቀሪውን ክፍያ ይዘን እንቆያለን። ባለሙያችሁ ቢሯችን መጥቶ ስንጽፍ አጠገባችን ቁጭ ብሎ ቢያይ ደስ ይለናል። ማክሰኞና ሐሙስ ጠዋት ሁላችንም አለን።

ከሰላምታ ጋር
የመጽሔቱ ዋና አዘጋጅ