ያንን አዳራሽ አትቆልፉት

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ባለፈው እትማችሁ ስለ አሮጌ ሕንፃዎች የወጣውን ጽሑፍ አነበብኩት። ጸሐፊው ቅርስ እየፈረሰ ነው ሲሉ ልክ ናቸው። መፍትሔያቸው ግን አልተዋጠልኝም። በጀት እስኪገኝ ድረስ ሕንፃው ታጥሮ ይቆለፍ ባይ ናቸው። እኔ ደግሞ በበጎ ፈቃደኞች የሚተዳደር የአንድ አሮጌ አዳራሽ ቁልፍ ያዥ ነኝ። ደመወዝ የለኝም፤ ያለኝ ኪሴን የሚቀድ የቁልፍ ዘለላ ነው። ስለ መቆለፍ ትንሽ የማውቀው ነገር አለ።

አዳራሹን ስንረከበው ለዓመታት ተዘግቶ ነበር። በሩ ሲከፈት የተቀበለን የረጠበ ጣውላና የአይጥ ሽታ እስካሁን ከአፍንጫዬ አልጠፋም። አንዱ ጥግ ላይ ኮርኒሱ ተገንጥሎ ወርዷል። ሁላችንም ጣሪያው አልቆለታል አልን። አንዳንዶቻችንማ የአዲስ ጣሪያ ወጪ ማስላት ጀምረን ነበር። የጠራነው ባለሙያ ግን ምንም ሳይል መሰላል ላይ ወጣና እጁን አሸንዳው ውስጥ ሰደደ። የበሰበሰ ቅጠል አወጣ፣ የወፍ ጎጆ አወጣ፣ መጨረሻ ላይ አንድ የልጅ ኳስ አወጣ። ጣሪያው ደህና ነበር። ኮርኒሱን ያወረደው መውረጃው አፍ ላይ የተወተፈው ኳስ ነው።

ነገሩ ቀልድ ይመስላል፤ ሒሳቡ ግን አያስቅም። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ 1 ሊትር ውኃ ነው። 200 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 20 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 4,000 ሊትር ይሆናል። በአሸንዳ ያልወረደ በግድግዳ ይወርዳል። በተቆለፈ ቤት ውስጥ ይህን ማን ያያል? አሁን ግን በየሳምንቱ ወይ ስብሰባ አለ፣ ወይ ሰርግ፣ ወይ የልጆች ቲያትር። አንዲት ጠብታ የአንዱ ትከሻ ላይ ካረፈች ወሬው በዚያው ምሽት ስልኬ ላይ ይደርሳል። ብዙ ጊዜ ከቁጣ ጋር።

ሕንፃን እየተጠቀሙበት መጠበቅ የሚለው ሐሳብ የእኔ ፈጠራ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣው የቬኒስ ቻርተር፣ ማለትም ዓለም አቀፉ የቅርስ ጥበቃ መመሪያ፣ ቅርስን ለኅብረተሰቡ በሚጠቅም ሥራ ላይ ማዋል ጥበቃውን ያግዛል ይላል፤ የሕንፃው አቀማመጥና ጌጥ እስካልተነካ ድረስ። እንግሊዛዊው ደራሲና ዲዛይነር ዊልያም ሞሪስ እ.ኤ.አ. በ1877 እንግሊዝ ውስጥ ያቋቋመው የጥንታዊ ሕንፃዎች ጥበቃ ማኅበርም ከጅምሩ የወተወተው ከትልቅ እድሳት ይልቅ ስለ ዕለት ተዕለት እንክብካቤ ነው።

በጎ ፈቃደኞች አያበላሹም ወይ? ያበላሻሉ። እኛ አበላሽተናል። በሁለተኛው ዓመት የፈራረሰውን የኖራ ልስን በአንድ ቅዳሜ በሲሚንቶ ደፈንነው። ፎቶ ተነሣን፣ አጨበጨብን። ሲሚንቶ ግን እንደ ኖራ አያስተነፍስም። ግድግዳው ውስጥ የገባው እርጥበት መውጫ አጣ። ከክረምቱ በኋላ ልስኑ አበጠ፤ በጣት ሲያንኳኩት እንደ ባዶ በርሜል ይጮህ ነበር። ሲረግፍ የድንጋዩን ፊት ይዞ ወረደ። የአንድ ቀን ሥራችንን ለማላቀቅ ሦስት ወር ፈጀብን። ከዚያ ወዲህ ግንበኛ ሲመጣ የመጀመሪያ ጥያቄያችን በኖራ ሠርተህ ታውቃለህ ወይ ነው።

ቅን ልብ ብቻውን የማይበቃበት ሌላም ቦታ አለ። ለመኖሪያ የሚሠራ ወለል በተለምዶ በካሬ ሜትር 200 ኪሎ ገደማ እንዲሸከም ታስቦ ነው። ሰው ለሚጨፍርበት አዳራሽ 500 ኪሎ ገደማ ይጠየቃል። ስለዚህ የድሮ መኖሪያ ቤትን ፎቅ ለጭፈራ ከመክፈት በፊት መሐንዲስ ይየው። በሩም እንዲሁ። እ.ኤ.አ. በ1903 አሜሪካ፣ ቺካጎ ውስጥ የኢሮኳ ቲያትር ሲቃጠል ከ600 በላይ ሰው አልቋል። ሕንፃው ከተከፈተ ገና አንድ ወሩ ነበር። መውጫዎቹ ግን የተቆለፉ፣ ወደ ውስጥ የሚከፈቱና ለመክፈት የሚያስቸግሩ ነበሩ። የእኛም በር ወደ ውስጥ ነበር የሚከፈተው። አስተካክለነዋል። አሮጌው እንጨት እንዳለ ነው፤ የዞረው ማጠፊያው ብቻ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ሰው ነው። የምረቃ ቀን መቶ ሰው ይመጣል። በዓመቱ ወንበር የሚደረድሩት አራት ናቸው፤ ያው አራቱ። ከእነሱ አንዷ ስትታመም የመብራት ማብሪያውን የሚያውቅ ጠፍቶ ዝግጅት በጨለማ ልንጀምር ነበር። አሁን ሁሉም ነገር በወረቀት ተጽፎ በሩ ጀርባ ተለጥፏል፤ ቁልፉም ሦስት ሰው ጋ አለ። የኪራዩን ገንዘብ የሚቀበለውና ደረሰኝ የሚቆርጠው የተለያዩ ሰዎች ናቸው። መጀመሪያ ላይ በዚህ የተቀየሙ ነበሩ። ተቀይመውም ቢሆን ለምደውታል።

ከሕንፃ ባለቤቶች የምንፈልገው ብዙ አይደለም። በየዓመቱ ትወጡ ይሆናል እየተባለ ጣሪያ የሚጠግን ሰው የለም፤ ስለዚህ ረዘም ያለ የጽሑፍ ውል ይኑር። በዓመት አንድ ጊዜ ባለሙያ ይላኩ። ገንዘብ ከተገኘ ደግሞ ከቀለም በፊት ጣሪያና አሸንዳ ይቅደም። ቀለም ለፎቶ ነው የሚያምረው።

የጽሑፉን ባለቤት በአካል ባገኛቸው ደስ ይለኛል። ዝናብ ከመግባቱ በፊት ባለው ቅዳሜ አሸንዳ እንጠርጋለን። ከታች መሰላል የሚይዝ ሰው ሁልጊዜ ይጎድለናል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ ቁልፍ ያዥ