የጡረታ ደመወዝና የጉዳት ካሳ አንድ ገንዘብ አይደሉም

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ባለፈው እትማችሁ አንድ አንባቢ «ከቪኤ ገንዘብ የሚቀበል ወታደር ጡረታው ይቆረጥበታል» በማለት የላኩትን አስተያየት አንብቤአለሁ፤ ቪኤ ማለት የአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት ነው። ጸሐፊው በቅን ልቦና እንደጻፉት አልጠራጠርም፤ ነገሩም ከፊሉ እውነት ነው። ይሁን እንጂ ይህ በግማሽ የተነገረ እውነት በአሜሪካ ጦር ውስጥ ያገለገሉ ወገኖቻችንን ከሚገባቸው ጥቅም ሲያስቀር በቅርብ ስላየሁ ዝም ማለት አልቻልኩም። እኔም በዚሁ ጦር በንብረት ክፍል 21 ዓመት አገልግዬ በጡረታ የተሰናበትኩ ሰው ነኝ።

ግራ መጋባቱ የሚጀምረው ከቃላቱ ይመስለኛል። እኛ «ጡረታ» ስንል በዕድሜም ሆነ በሕመም ከሥራ ለወጣ ሰው የሚከፈለውን አበል በሙሉ በአንድ ስም እንጠራለን። «አካል ጉዳተኛ» ሲባል ደግሞ እጁን፣ እግሩን ወይም ዓይኑን ያጣ ሰው ብቻ ነው የሚታየን። በዚህ አገር ግን ሁለቱ የሚመነጩት ከተለያየ ሕግና ከተለያየ መሥሪያ ቤት ነው። የጡረታ ደመወዝ በጦሩ ውስጥ 20 ዓመትና ከዚያ በላይ ላገለገለ ሰው ፔንታጎን በሒሳብ አገልግሎቱ፣ ዲፋስ በምንለው በኩል የሚከፍለው ነው። በእኔ ዘመን በነበረው ስሌት ለእያንዳንዱ የአገልግሎት ዓመት 2.5 በመቶ ይያዛል፤ ስለዚህ 20 ዓመት ያገለገለ ሰው ከፍተኛ ደመወዝ ያገኘባቸው 36 ወራት አማካይ ደመወዝ ግማሹ ይሰጠዋል። እ.ኤ.አ. ከ2018 ወዲህ ለተቀጠሩት የሚያዘው 2 በመቶ ነው። በዚህ ገንዘብ ላይ የፌዴራል ግብር ይከፈላል።

የጉዳት ካሳው ግን የሚመጣው ከቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት፣ ማለትም ከቪኤ ነው። ይህ መሥሪያ ቤት የሚመረምረው ሕመሙ ከአገልግሎቱ ጋር የተያያዘ መሆኑንና ክብደቱን እንጂ ሰውየው 20 ዓመት መሙላቱን አይደለም። የጆሮ ጩኸት፣ የጉልበት ሕመም፣ የእንቅልፍ ማጣት ወይም የአእምሮ ጭንቀት ሊሆን ይችላል። ጉዳቱ በአሥር በአሥር እያደገ እስከ 100 በሚደርስ መቶኛ ይመዘናል። በ2025 ተመን የቤተሰብ ኃላፊነት ለሌለበት ሰው 10 በመቶ በወር 175.51 ዶላር፣ 100 በመቶ ደግሞ 3,831.30 ዶላር ያስገኝ ነበር፤ ግብርም አይነካውም። ምዘናው 30 በመቶና ከዚያ በላይ ሲሆን ለትዳር ጓደኛና ለልጆች ተጨማሪ ይታሰባል፤ ገቢያቸው አነስተኛ ሆኖ በልጃቸው ድጋፍ ለሚኖሩ ወላጆችም እንዲሁ። እናቱን የሚጦር ስንት ሰው በመካከላችን እንዳለ ሳስብ፣ ይህን የመጨረሻውን ሳያውቁ ዓመታት የሚያልፉባቸው ሰዎች ያሳዝኑኛል።

አሁን ወደ «መቆረጡ» ልምጣ። አንድ ወታደር ጡረታና የጉዳት ካሳ ደርቦ እንዳይቀበል የከለከለው ሕግ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1891 ነው። በዚህ መሠረት ካሳ የሚወስድ ጡረተኛ በካሳው ልክ ከጡረታው ይተዋል። ከ2004 ጀምሮ ግን 20 ዓመት ያገለገለና በቪኤ 50 በመቶና ከዚያ በላይ የተመዘነ ጡረተኛ ሁለቱንም እንዲቀበል ተፈቀደ፤ ለውጡ ደረጃ በደረጃ ተፈጽሞ በ2014 ተጠናቀቀ። ስለዚህ አስተያየት ሰጪው የጻፉት ከ50 በመቶ በታች ለሆነ ሰው እውነት ነው፤ 50ና ከዚያ በላይ ለሆነው ግን አይደለም። ከ50 በታች ለሆነውም ቢሆን ኪሳራ አይደለም።

ይህን በቁጥር ለማሳየት የአንድ ጓደኛዬን ነገር ላንሳ። ባለፈው የካቲት አንድ ምሽት ደውሎ «ጋሼ፣ ጡረታዬን ወሰዱት» አለኝና ብዙም ሳይቆይ ቤቴ ደረሰ። ደብዳቤውን አራት አጥፎ ከኮቱ ኪስ አወጣው፤ 774.16 የሚለውን ቁጥር በቀይ እስክሪብቶ ሦስት ጊዜ አስምሮበታል። ባለትዳር ስላልሆነ ይህ በትክክል በ2025 ተመን የ40 በመቶ ካሳ ነው። በማግሥቱ ለቪኤ ጽፎ ማመልከቻውን ሊሰርዝ ቆርጦ ነበር። የእድር መዋጮ ከምናስቀምጥበት ፖስታ ጀርባ ላይ ሁለት መስመር አሰመርኩለት። ስሌቱ እንዲቀል ጡረታውን 2,000 ዶላር ብለን ያዝነው። በፊት 2,000ው በሙሉ ግብር የሚከፈልበት ነበር። አሁን ጡረታው 1,225.84 ሆነ፤ 774.16ቱ ደግሞ ከቪኤ ይገባለታል፤ ድምሩ ያው 2,000 ሲሆን በ774.16ቱ ላይ ግብር አይከፍልም። ፖስታውን አገላብጦ ካየ በኋላ «ታዲያ ይህንን ማን ነገረን?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

በዚያው ምሽት ወገቡን እንደሚያመው፣ ለመሰናበቻ በተደረገለት ምርመራ ላይ ግን «ደህና ነኝ» ብሎ እንደወጣ ነገረኝ። ስለ ወገቡ አመለከተና 20 በመቶ ተሰጠው። የቪኤ ድምር እንደ ገበያ ድምር አይደለም፤ 40ና 20 ሲደመሩ 60 አይሆኑም። በ40 የተጎዳ ሰው 60 ጤና ቀርቶታል ይባልና የ60ው 20 በመቶ፣ ማለትም 12 ተጨምሮ 52 ይሆናል፤ ወደሚቀርበው አሥር ሲጠጋ 50። ይህች 50 ግን ወሳኝ ናት፤ ካሳው በዚያው ተመን 1,102.04 ዶላር ሲሆን ከጡረታው የሚነካ ነገር የለም። በያዝነው ምሳሌ የወር ገቢው ከ2,000 ወደ 3,102.04 ከፍ ይላል ማለት ነው። ለዚህኛው የተለየ ማመልከቻ አያስፈልግም፤ ዲፋስ በራሱ ያስተካክላል።

ጉዳታቸው በውጊያ፣ በጦር ልምምድ ወይም በጦር መሣሪያ ምክንያት የደረሰ ጡረተኞች የሚያገኙት ሌላ ልዩ ክፍያም አለ። ይህ ግብር የሌለበት ሲሆን ከ10 በመቶ ጀምሮ ይሠራል፤ 20 ዓመት ሳይሞሉ በሕክምና ጡረታ የወጡትንም ይጨምራል። ነገር ግን በራሱ አይመጣም፤ ላገለገሉበት ጦር በጽሑፍ ማመልከት ግድ ነው። ከዚህ ልዩ ክፍያና ሙሉ ጡረታን ከካሳው ጋር ከመቀበል የሚመረጠው አንዱ ብቻ ሲሆን ምርጫው በየዓመቱ ጥር ላይ ሊለወጥ ይችላል። በሕክምና ምክንያት ቀድመው የወጡት ወታደሮች ግን ጡረታንና ካሳን ሙሉ በሙሉ አብረው መቀበል አልተፈቀደላቸውም። በውጊያ ተጎድተው ከእነዚህ መካከል ለሚገኙት በ2021 በካንሰር ባረፉት በሻለቃ ሪቻርድ ስታር ስም የተሰየመ፣ ይህንኑ የሚፈቅድ ረቂቅ ሕግ ለዓመታት በምክር ቤቱ ቀርቧል፤ ይህን እስከምጽፍበት ጊዜ ድረስ ግን አልጸደቀም። አካሉን ያጣ ወጣት 20 ዓመት ባለመሙላቱ መቀጣቱ ፍትሕ አይመስለኝም፤ በዚህ አገር ድምፅ የምንሰጥ ሁሉ ለየምክር ቤት ተወካያችን ልንጽፍበት የሚገባ ጉዳይ ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስቡኝ ግን ጡረታ የሌላቸው ልጆች ናቸው። ጦሩ ከ2009 ጀምሮ ለተወሰኑ ዓመታት ቋንቋ የሚያውቁ የውጭ ዜጎችን ሲመለምል ከተፈለጉት ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነበር። በዚያ መንገድ ገብተው አራትና አምስት ዓመት አገልግለው የወጡ ብዙዎች «ጡረታ ስለሌለኝ ምንም የለኝም» ሲሉ እሰማለሁ። ይህ ስሕተት ነው። ካሳው የአገልግሎት ዘመን አይጠይቅም። በኢራቅ ወይም በአፍጋኒስታን በቆሻሻ ማቃጠያ ጉድጓዶች ጢስ ውስጥ የሠሩትም፣ ነሐሴ 2022 የጸደቀው የፓክት ሕግ በርካታ የሳንባ ሕመሞችንና ካንሰሮችን ከአገልግሎት ጋር እንደተያያዙ ስለሚቆጥር፣ ቀድሞ ተከልክለው ቢሆን እንኳ እንደገና ማመልከት ይችላሉ። የማመልከት ሐሳብ እንዳለ በቅድሚያ ማስመዝገብ ብቻ ቀኑን ለአንድ ዓመት ያስይዛል፤ ካሳው ሲፈቀድም ከዚያ ቀን ጀምሮ ይታሰባል።

በመጨረሻ «ፋይልህን እኔ ላስጨርስልህ» እያሉ ከሚመጣው ካሳ የወራት ድርሻ የሚጠይቁ ሰዎችን አንባቢዎቻችሁ እንዲጠነቀቁ እለምናለሁ። ለመጀመሪያ ማመልከቻ ዝግጅት ክፍያ መጠየቅ በፌዴራል ሕግ የተከለከለ ነው። የቀድሞ ወታደሮች ማኅበራት የሆኑት የአሜሪካ ሌጂዮንና የዲኤቪ፣ እንዲሁም የቨርጂኒያ የቀድሞ ወታደሮች አገልግሎት መሥሪያ ቤት ዕውቅና ያላቸው ባለሙያዎች ይህንኑ በነፃ ይሠራሉ። በእንግሊዝኛው የሚቸገር፣ ወይም ሕመሙን በባዕድ ቋንቋ ለመናገር የሚያፍር ወታደር ካለ ቀጠሮው ላይ አብሬው ለመገኘት ፈቃደኛ ነኝ፤ አድራሻዬ በዝግጅት ክፍላችሁ ይገኛል።

ከአክብሮት ጋር፣
የአሜሪካ ጦር ጡረተኛ ሰርጀንት
አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ