ኪሎው ብቻ አይበቃም

የሕፃናትን እድገት ስለመከታተል ባወጣችሁት ጽሑፍ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። እኛ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር፣ ልጅን የምንለካው በጎረቤት ልጅ ነው። «የእሷ ልጅ እኮ ድብልብል ብሏል!» ይባላል፤ እናት ትጨነቃለች። ዋናው ግን የአንድ ቀን ኪሎ ሳይሆን የየወሩ አካሄድ ነው። በ3 ኪሎ የተወለደ ልጅ በ5 ወሩ ገደማ 6፣ በዓመቱ 9 ኪሎ ግድም ይሆናል። ቀጭን ሆኖ በእድገት መከታተያው ግራፍ ላይ መስመሩን ይዞ የሚያድግ ልጅ ብዙውን ጊዜ ደህና ነው። ኪሎው ለወራት የቆመ ግን፣ ወፍራም ቢሆንም፣ መታየት አለበት።

ቁመት ደግሞ ጭራሽ ይረሳል። መቀንጨር የሚታወቀው ቁመት ከዕድሜ ጋር ሲነጻጸር ነው፤ ጉንጭ አይናገርም። ጤና ባለሙያዎቹ የእኔን ልጅ መዝነው ቁጥሩን ጻፉና «ቀጣይ!» አሉ።

በክትባት ቀን ቁመትም ይለካ፤ ነጥቡም እናቲቱ እያየች እድገት መከታተያው ግራፍ ላይ ይቀመጥ።