ወንዙ መንገድ የሆነበትና አጥር የሆነበት አገር

ለተከበረው የዝግጅት ክፍል፣

ስለ 13ቱ የአሜሪካ ቅኝ ግዛቶች አመሠራረት ባለፈው እትማችሁ የወጣውን ጽሑፍ በጥሞና አንብቤዋለሁ። ጸሐፊው የሰሜኑና የደቡቡ ኑሮ የተለያየው ሰፋሪዎቹ ይዘውት በሄዱት እምነትና ጠባይ ምክንያት ነው ማለታቸውን ግን፣ በደብረ ማርቆስ ታሪክ የማስተምር ሰው እንደመሆኔ፣ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ1630 ፒዩሪታኖች የተባሉት እንግሊዛውያን ፕሮቴስታንቶች በሰሜን ወደምትገኘው ማሳቹሴትስ ሲደርሱ ያገኙት፣ የጥንት የበረዶ ግግር የተወው ድንጋይ የሞላበትን ማሳና አጭር የዘር ወቅት ነው። ስለዚህ ከእርሻው ጎን ፊታቸውን ወደ ባሕሩ አዞሩ፤ ኮድ የተባለውን ዓሣ እያደረቁ ለደቡብ አውሮፓና ለካሪቢያን ሸጡ፤ ከጫካው እንጨት መርከብ ሠሩ። በማሳቹሴትስ ምክር ቤት አዳራሽ ዛሬም ከእንጨት የተቀረጸ ኮድ ተሰቅሎ ይታያል። በቤተ ጸሎታቸው ዙሪያ ተጠጋግተው መስፈራቸው የእምነታቸው ውጤት መሆኑን ጸሐፊው በትክክል አንሥተዋል። ይሁንና በዚያው በ1630 የዚሁ እምነት ተከታዮች የሆኑ ሌሎች እንግሊዞች ከኒካራጓ ጠረፍ ባሻገር በምትገኘው የፕሮቪደንስ ደሴት ሰፍረው ትምባሆና ጥጥ ተከሉ፤ ስፔኖች በ1641 ደሴቲቱን እስኪነጥቋቸው ድረስም እርሻቸው በአፍሪካውያን ባሮች ጉልበት ላይ ቆሞ ነበር። እምነቱ አንድ፣ ዘመኑ አንድ፤ የተለያየው አፈሩና አየሩ ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚደንቀኝ በደቡብ የምትገኘው የቨርጂኒያ ወንዞች ነገር ነው። ጄምስ፣ ዮርክ፣ ራፓሃኖክና ፖቶማክ ሰፋፊ በመሆናቸውና የባሕሩ ሙላት ርቆ ስለሚገባባቸው፣ ከእንግሊዝ የተነሣ መርከብ እስከ ባለርስቱ ደጃፍ ይዘልቅ ነበር። በ1607 በረግረግ ዳር የተቆረቆረችው የቨርጂኒያዋ የእንግሊዞች ሰፈር ጄምስታውን በበሽታና በረኃብ ልትጠፋ ደርሳ፣ ሰፋሪው ጆን ሮልፍ በ1612 ገደማ የጀመረው ትምባሆ ነፍስ ዘራባት። ትምባሆ መሬቱን በጥቂት ዓመታት ስለሚያሟጥጥ ሰፋሪው አዲስ ማሳ ፍለጋ ወንዙን እየተከተለ ተበተነ፤ የጉዞ ወጪውን ችሎ ላስመጣው ለእያንዳንዱ ሰውም 50 ኤከር፣ በእኛ ስሌት 80 ቃዳ ያህል፣ ይሰጠው ነበር። ትልልቆቹ ባለርስቶች በየደጃቸው የራሳቸው የመርከብ መጫኛ ስለነበራቸው ከተማ አላስፈለጋቸውም። ከተማ ያስፈለገው ወንዙ ከከፍታው በፏፏቴ ወደ ሜዳው በሚወርድበትና መርከብ መቆም በሚገደድበት ቦታ ነው፤ በ1737 የተቆረቆረችው ሪችመንድ እንዲህ ባለ ስፍራ ላይ ናት።

ይህን ለመረዳት የጎጃም ሰው ሩቅ መሄድ አያሻውም። ዓባይ ለእኛ አጥር እንጂ መንገድ አልነበረም፤ ከጮቄ ተራራ የሚወርዱትም ወንዞች ገደል እየቆፈሩ እሱን ይቀላቀላሉ እንጂ ጭነት አያመላልሱም። ሆኖም የጎጃሙ ባሶ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ስመ ጥር ገበያ የሆነው በዚሁ አጥር ምክንያት ነው፤ ከዓባይ ማዶ ካሉት የጊቤ አገሮች ቡና፣ ዝባድና የዝሆን ጥርስ የጫነ ሲራራ ነጋዴ ያን በረሃ ተሻግሮ ሲወጣ ጭነቱን የሚያራግፍበት ስፍራ ያስፈልገው ነበር። የዕቃው ጉዞ በሚቋረጥበት ቦታ ገበያ መቆሙ በሪችመንድም በባሶም ያው ነው።

ስለ ፔንስልቬንያ ስንዴና በ1682 ስለተቆረቆረችው ፊላደልፊያ ጸሐፊው የጻፉት በቂ ስለሆነ አልደግመውም። ካሮላይናን ግን በአንድ ዐረፍተ ነገር ማለፍ አልነበረባቸውም። የዚያ አገር ረግረግ ለሩዝ ተመቸ፤ በ1708 በባርነት የተያዙት ጥቁሮች ቁጥር ከነጮቹ በልጦ ነበር። ረግረጉ ሩዝ ማብቀሉ እውነት ነው፤ ሩዙን በባርነት የተያዘ ሰው እንዲያርመው የወሰነው ግን ባለርስቱ ነው። በባሶም ከቡናው ጎን ሰው ይሸጥ እንደነበር ስናስብ፣ ይህን የምጽፈው የሩቁን ለመኮነን ብቻ አለመሆኑ ይታወቅልኝ።

ጽሑፉ በሚቀጥለው እትም እንደሚቀጥል አስታውቃችኋል። እባካችሁ፣ የወንዞቹንና የፏፏቴዎቹን መስመር የሚያሳይ ካርታ አብራችሁ አትሙልን፤ ተማሪዎቼ ጋዜጣችሁን ግድግዳ ላይ ለጥፈው ያነባሉ።

ከአክብሮት ጋር፣
የታሪክ መምህር፣ ከደብረ ማርቆስ